ሁለቱ ዐሥራ ሰባቶች

መጠበቅ አልወድም። ሰው ሲያስጠብቀኝ ደሜ ይፈላል፤ ዛሬ ዕድሜዬ ገፍቶም ያው ነኝ። ያኔ ደግሞ፣ የኮምፒውተር ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ አሶሳ በተመለስኩበት ጊዜ፣ ጭራሽ የሚያቆመኝ አልነበረም። ክልሉ ገና አዲስ ነው። የቢሮው ግድግዳ ቀለም ቀለም ይሸታል፣ የወንበሩ ላስቲክ አልተቀደደም፣ የሠራተኛው ግማሽ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ነው። እኔ ግን የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩት በቁጥር ከሚጠሩት አምባዎች በአንዱ ነው፤ ያደግኩትም እዚያው። "የሰፋሪ ልጅ ኮምፒውተር አወቀች" ተብሎ ሲወራልኝ አፍንጫዬን ምን ያህል እንደነፋሁ አትጠይቁኝ።

ሥራ ያገኘሁት አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የክሊኒኩ አይደለምና። ሦስት ኮምፒውተር በእርዳታ መጥቶለት በሽቦ ተያይዟል። አንዱ ካርድ ክፍል፣ አንዱ ምርመራ ክፍል ቁጥር አንድ፣ አንዱ ቁጥር ሁለት። ሦስቱም የሚያዩት አንድ የበሽተኞች ወረፋ ነው፤ ካርድ ክፍሉ ከኋላ ሰው ይጨምራል፣ ሁለቱ ምርመራ ክፍሎች ከፊት ሰው ይወስዳሉ። ይህን ወረፋ የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም መጻፍ የኔ ሥራ ነበር። "ይኼማ ምን አላት!" አልኩ፤ በአንድ ሳምንት እጨርሳለሁ ብዬ።

ከኮምፒውተሩ በፊት ወረፋውን የሚይዙት የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ነበሩ፤ ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። የበርታ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛን ካደጉ በኋላ ስለለመዱት እኔንም፣ ሲስተሯንም፣ ዘበኛውንም እኩል "አንተ" ይላሉ፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ከኋላቸው ግድግዳው ላይ ምስማር የተመታበት ሳንቃ አለ፤ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጡ አርባ ቁጥሮች ተንጠልጥለውበታል። ወረቀት እናቶቹ እጅ ላይ በላብ ይርሳል፣ ልጆቹ ያኝኩታል፤ ቆርቆሮ ግን ይበረክታል። በሽተኛው ሲገባ ቆርቆሮውን ይወስዳል፣ ታይቶ ሲወጣ ይመልሳል፣ ሐጂ መልሰው ምስማሩ ላይ ይሰቅሉታል። ከዚያ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ከመጣም በኋላ ቆርቆሮው አልቀረም፤ ሐጂ ማሽኑ ላይ የሚጽፉት ለበሽተኛው የሰጡትን የቆርቆሮ ቁጥር ነው።

በኮምፒውተር ሥራ አንድን ወረፋ ብዙ እጅ ሲነካው ትልቁ ጣጣ መጋጨት ነው። ሁለቱም ክፍሎች በአንዲት ቅጽበት "ቀጣይ" ቢሉ አንዱ በሽተኛ ለሁለት ይጠራል፣ ወይም በመካከል ሰው ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የጻፍኩት ፕሮግራም ወረፋውን ይቆልፍ ነበር። አንዱ ማሽን ወረፋውን ሲነካ ቆልፎ ይገባል፣ ሥራውን ሲጨርስ ከፍቶ ይወጣል፤ ሌሎቹ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ደህና አስተማማኝ ነገር ነው። ችግሩ የቆለፈው ማሽን ሳይከፍት የቀረ ቀን ነው።

እሱም ብዙ አልቆየም። የቁጥር ሁለቱ ማሽን አሮጌ ነው፤ ሥራ መሀል ላይ ሃንግ ያደርጋል፣ ሲፈልገው ደግሞ በገዛ ራሱ ይነቃል። አንድ ረቡዕ ጠዋት ወረፋውን እንደቆለፈ ቀጥ አለ። የቁጥር አንዱ "ተይዟል" ይላል። የካርድ ክፍሉም "ተይዟል" ይላል። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ያጉረመርማል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ እኔ በሽቦው መሀል እንበረከካለሁ። ሲስተሯ፣ የክሊኒኩ ኃላፊ፣ በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"አንቺ ልጅ፣" አለችኝ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "በቆርቆሮ ብቻ ስንሠራ እኮ ይሄኔ ሃያ ሰው አይተን ነበር።"

አንጀቴ ቅጥል አለ። ሐጂ ሳንቃውን አውርደው ወረፋውን እንደ ድሮው በእጃቸው ያዙት፤ ያ ደግሞ የባሰ አሳረረኝ። ቤቴ ገብቼ ቁልፍ የሚባል ነገር ከዚያ ፕሮግራም ውስጥ ነቅዬ ካልጣልኩ ሰው አይደለሁም አልኩ።

ቁልፍ የሌለው ወረፋ አለ። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ መምህራችን ሲጠቅሱት ሰምቻለሁ። ማንም ማንንም አያስጠብቅም፤ ለኔ ዓይነቱ ሰው የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ማሽን ፊት ያለው ማን እንደሆነ ያይና ይይዛል። ከወረፋው ሊሰርዘው ሲል ግን እንደገና አንድ ጊዜ ያያል፦ ፊት ያየሁት አሁንም ፊት ነው? ከሆነ ይሰርዛል። ካልሆነ ሌላ ቀድሞኛል ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል። አንዱ ቢደርቅ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። ሁለት ሳምንት ደክሜበት ሲሠራ ሳየው ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ እልል አልኩ።

ለሐጂም አስረዳኋቸው። ካስረዳሁም ለማስረዳት ሳይሆን ለመኩራራት ነው፤ ልዋሽ አልችልም።

"ማሽኑ ራሱ ያረጋግጣል፣ ሐጂ።"

"ምን ያረጋግጣል?"

"ፊት ያየው ቁጥር አሁንም ፊት መኖሩን።"

"ቁጥሩን?"

"አዎ፣ ቁጥሩን።"

"ሰውየውንስ?"

ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ ፊታቸው ላይ ሳቅኩ። እሳቸው ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ። ለያንዳንዱ ቆርቆሮ አንድ መስመር አለው፤ ቆርቆሮው ለሰው በወጣ ቁጥር ሐጂ መስመሩ ላይ አንዲት ጭረት ይጨምራሉ። "ተመልከት፣ ልጄ። ዐሥራ ሰባት ጠዋት ሌላ ሰው ነው፣ ቀትር ሌላ ሰው ነው። እኔ ጭረት አለኝ። አንተ ጭረት የለህም።" እኔም "ሐጂ፣ ይኼ ኮምፒውተር ነው፣ ደብተር አይደለም" ብዬ ወጣሁ። ጆሮ ዳባ ልበስ።

አንድ ወር ያህል ሁሉ ሰላም ሆነ። ወረፋው ይፈሳል፣ ሲስተሯ ሰላምታዋ ሞቀ። ክረምቱ ወጥቶ ወባ የሚበረታበት ጊዜ መጣ፤ ኮሪደሩ ውስጥ እግር ማሳረፊያ ጠፋ። ለሐጂ "ድንገተኛ" የሚባል ነገር ጨምሬላቸው ነበር፤ እጅግ የታመመ ሲመጣ ከኋላ ሳይሆን ከወረፋው ፊት ያስገቡታል። በዚህም ኮርቻለሁ። ያን ጊዜ የማልኮራበት ነገር አልነበረም።

የዚያን ቀን ረፋድ ላይ ካርድ ክፍል ከሐጂ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንዲት እናት ልጅ አዝላ ገባች፤ የተጠቀለለችበት ቶብ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል፣ በሸርቆሌ መንገድ ካለ መንደር ነው የመጣችው። ሐጂ በበርታ አነጋገሯት። ልጅቷ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ግንባሯን ነካ አድርገው እጃቸውን ቶሎ መለሱ። "እሳት ነው" አሉኝ። ሌሊት እያንቀጠቀጣት ነበር፣ አሁን ደግሞ ስትጠራት አትሰማም። ሐጂ ገና አሁን ተመልሶ ምስማሩ ላይ የተሰቀለውን ቆርቆሮ አንስተው ሰጧት፤ ዐሥራ ሰባት ነው። "ድንገተኛ" ብለው ከሁሉም ፊት አስገቧት፣ ደብተራቸው ላይ ጭረታቸውን ጫሩ፣ "አሁን ይጠሩሻል፣ አግዳሚው ላይ ቁጭ በይ" አሏት በቋንቋቸው። እሷም ሄዳ ቁጭ አለች። የዚያች ልጅ ዕድሜ በደቂቃ የሚቆጠር እንደሆነ ሐጂም እኔም አውቀናል፤ ለዚህ ነው ፊት ያስገባናት።

ግን አልተጠራችም። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ወረፋው ፊት የነበሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የእሳቸውም ቆርቆሮ ዐሥራ ሰባት ነበር። የቁጥር ሁለቱ ጤና መኮንን "ቀጣይ" አለ። ማሽኑ "ፊት ያለው ዐሥራ ሰባት" ብሎ ያዘና፣ ሊሰርዝ ሲል እንደ ልማዱ ሃንግ አደረገ። ቁልፍ ስለሌለ ማንም አልቆመም። የቁጥር አንዱ መኮንን ሽማግሌውን ጠርቶ አያቸው፣ ጨረሱ፣ ቆርቆሮው ተመለሰ። ከዚያ ሴትየዋ መጣች። ያው ቆርቆሮ፣ ያው ከፊት። ይሄኔ የቁጥር ሁለቱ ማሽን ነቃ። እኔ እንዳስተማርኩት አደረገ፦ ፊት ያየሁት ዐሥራ ሰባት አሁንም ፊት ነው? ነው። ምንም አልተለወጠም። ሰረዛት።

መኮንኑ ማሽኑ ሲደርቅበት ቁጥር አንድ ብቅ ብሎ ሽማግሌው እዚያ ሲታዩ አይቷል። ተመልሶ መጥቶ ስክሪኑ ላይ "ዐሥራ ሰባት" የሚል ሲያይ፣ "እሳቸውማ ታይተዋል" ብሎ ቀጣዩን ጠራ። ማን ይፈርድበታል? ከዚያ በኋላ ዐሥራ ስምንት ገባ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ገባ፣ ሃያ ገባ። እሷ አማርኛ ቁጥር አታውቅም። "አሁን ይጠሩሻል" ስለተባለች እየጠበቀች ነው።

ስድስት ሰዓት አለፈ። ዘበኛው ለምሳ በሩን ሊዘጋ ኮሪደሩን ያራቁታል። በካርድ ክፍሉ መስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ "ዐሥራ ሰባት አልቋል እንዴ? አንዲት ሴት ቁጭ ብላለች" አለኝ። ሐጂ ለሶላት ወጥተዋል። ስክሪኑን አየሁ፤ ዐሥራ ሰባት፣ ታይቷል።

"አልቋል! አስወጣ" አልኩ። ቀና ብዬ እንኳን አላየሁትም።

ሐጂ ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። አንዱ ምስማር ባዶ ነው። "ዐሥራ ሰባት የለም" አሉ።

"አንዱ ይዞት ሄዷላ። ከዘይት ቆርቆሮ ሌላ እንቆርጣለን።"

"ያ የታመመ ሕፃን ነው የያዘው።"

"ታይታለች ሐጂ፣ ይኸው።" ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩት። እሳቸው ግን ስክሪኑን አላዩትም፤ ኮሪደር ወጥተው ባዶውን አግዳሚ አይተው ተመለሱ። "ታይቶ ቢሆን ቆርቆሮ ይመለሳል" አሉ። "ሐኪም ቆርቆሮ ሳይመልስ ማንንም አያስወጣም።" ደብተራቸውን ከፊቴ ዘረጉት። ዐሥራ ሰባት ላይ አራት ጭረት አለ። "አራት ሰው ወጣ። ሦስት ቆርቆሮ ተመለሰ።"

እልህ ይዞኝ ነው መዝገቡን የከፈትኩት፤ እንዳልተሳሳትኩ ላሳያቸው። ዐሥራ ሰባት ዛሬ አራት ጊዜ ተጠርቷል ይላል፤ ይኸው ትክክል ነው፣ አራት ሰው፣ አራት ጊዜ። የመጨረሻው ቁጥር ሁለት ውስጥ ነው። ልክ በዚያ ሰዓት የቁጥር ሁለቱ መኮንን ለምሳ ሲወጣ በመስኮቱ አለፈ፣ ጠራሁት።

"ረፋድ ላይ በዐሥራ ሰባት ያየሃት ሕፃን ምን አላት?"

"የምን ሕፃን? ዐሥራ ሰባትማ ያ ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጥር አንድ ነው የታዩት። እኔ አላየኋቸውም።"

ክው አልኩ። የሆነው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ፤ "ሰውየውንስ?" ያሉኝም ጭምር። "አላየሃትም? አላየሃትም?" እያልኩ ጮህኩበት፣ ምን ያድርግ። ከዚያ ዘበኛው ጋ ሮጥኩ። "ወደ መናኸሪያ ነው የሄደችው፣ ቆየች" አለኝ።

እግሬ አውጪኝ አልኩ። ሐጂም የጀለቢያቸውን ጫፍ በእጃቸው ሰብስበው ከኋላዬ ይሮጣሉ፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ቀትር ፀሐይ። ሰው ከማንጎው ጥላ ሥር ቆሞ ያየናል። በልቤ "አምላኬ፣ አትሙት፣ አትሙት ብቻ" ነው የምለው። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

መናኸሪያው ስንደርስ የሸርቆሌ ሚኒባስ ቦታው ላይ የለም። ረዳቱን ጠየቅኩ። "አሁን ነው የወጣው፣ ቀጣዩ ሲሞላ ነው" አለኝ ጫት እያኘከ። "ልጅ ያዘለች ሴት ተሳፍራለች?" "እህቴ፣ ልጅ ያላዘለች ሴት የታለች?" ልመታው ምንም አልቀረኝም። ሐጂ ግን እስትንፋሳቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴት ጋ ሄደው በበርታ ጠየቁ። ሴትየዋ በአገጯ አሳየቻቸው። ከቲኬት ቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳው በጣላት ጠባብ ጥላ ውስጥ፣ እናትየው ቁጭ ብላለች። ሚኒባሱ ሞልቶ ትቷታል።

ስንሮጥ ስታየን ብድግ አለች። ፊቷ ተለዋወጠ። የቶቧን ጫፍ በጥርሷ ፈታችና ቆርቆሮውን አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። "አልሰረቅም!" አለች በተሰባበረ አማርኛ። "ረስቶ! ረስቶ ነው! ውሰድ!"

ለዚያች ቁራጭ ቆርቆሮ የምናሳድዳት መስሏት ነው። ምን እንዳልኳት አላውቅም። ከጀርባዋ ልጅቷን አየኋት፤ ዓይኗ ግማሹ ተከፍቷል፣ ጥቁሩ አይታይም፣ አንገቷ ወደ ኋላ ወድቋል። ነጥቄ አቅፌ ወደ መጣሁበት ሮጥኩ። እናትየው ትጮሃለች፣ ሐጂ እየሮጡ ያስረዷታል። ልጅቷ ደረቴ ላይ ታቃጥለኛለች፣ ክብደት የላትም። መሀል መንገድ ላይ እጄ ውስጥ ግትር ብላ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ያለቀስኩትን ለቅሶ ከዚያ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም።

ሲስተሯ ምሳዋን ጥላ ተነሳች። ማንም ቁጥር አልጠየቀም። ግሉኮስ ተሰቀለ፣ የወባው መድኃኒት ኩዊኒን ተጨመረበት፣ ሰውነቷን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱታል። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። "ስንት ሰዓት ነው የመጣችው?" አለች ሲስተሯ ዘወር ሳትል። "አራት ሰዓት ተኩል" አልኩ። "አሁን ሰባት ሰዓት ነው" አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹን ሁሉ አጥፍቼ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። ማስተካከያው የአንዲት ሰዓት ሥራ ነበር። ከቆርቆሮው ቁጥር ጎን አንድ ሌላ ቁጥር ጨመርኩ፤ ወረፋው በተነካ ቁጥር አንድ ወደፊት የሚሄድ፣ ወደ ኋላ የማይመለስ። ማሽኑ ከመሰረዙ በፊት ሁለቱንም ያያል፤ ቆርቆሮው ያው ቢሆንም ይኼኛው ከተለወጠ ሰውየው ሌላ ነው። የሐጂን ጭረት ነው የገለበጥኩት። ሐጂ አጠገቤ ቁጭ ብለው እስክጨርስ አዩኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ልጅቷ ተቀምጣለች። ከንፈሯ ተሰንጣጥቋል፣ ዓይኗ ግን ሰው ይከተላል። ለእናቷ አንድ ነገር አለቻት። "ውሃ ይላል" አሉኝ ሐጂ፣ ጥርሳቸው ሁሉ እየታየ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እንዲያ ደስ ባይለኝ ኖሮ ምናልባት አፌን ዘግቼ እቀር ነበር።

"ሐጂ፣ ይንገሯት" አልኩ። "ያልታየችው በኔ ጥፋት ነው ብለው ይንገሯት። እሷ ምንም አላጠፋችም፣ ቆርቆሮውንም አልሰረቀችም። እኔ ነኝ ከወረፋ ያስወጣኋት። ይቅርታ ትጠይቅሻለች በሏት።"

ሐጂ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ረዘም አድርገው ነገሯት፣ በእጃቸውም ወደኔ አሳዩ። እሷ ውሃውን ለልጇ እያጠጣች ሰማች። ጣሳውን አስቀመጠች። እስካሁን ፊቴን ቀና ብላ አላየችውም ነበር፤ አሁን አየችኝ፣ አልተቆጣችም፣ ግራ የገባት ሰው አስተያየት ነው። ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀች።

"ምን አለች?"

ሐጂ ወደ መሬት አዩ። "‘እኔ ይሄን ሴት ምን በደልኩት?’ ይላል።"

"ኧረ ምንም! ምንም አልበደለችኝም በሏት! አላውቃትምም። ማሽኑ ነው፣ ሐጂ፣ ቁጥሩ ተመልሶ ሲመጣ ያው የመጀመሪያው መሰለው፣ ቁልፍ ስለሌለው፣ ያኛው ክፍል ደርቆ ስለነበር…" እያልኩ ቀጠልኩ። እሷ አፍ አፌን ታያለች። ሐጂ አንዱንም አልተረጎሙልኝም።